የጎን ምት፣ ከመቶ አንዴ

ፑል ቤቴ የሚመጣ ጀማሪ ሁሉ፣ ስቴካ በጨበጠ በሦስተኛው ቀን የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ነጯን ኳስ ጎኗን የምንመታት በየስንቱ ነው?» ገና ቀጥ አድርጎ መምታት ያልቻለ ሰው እኮ ነው! ራስ ሳይጠና ጉተና ይሏል ይህ ነው። እኔም ጠረጴዛ መጥረጌን ሳላቋርጥ «ከመቶ አንዴ» እለዋለሁ። አብዛኞቹ ይስቃሉ። አንዳንዱ ደግሞ፣ ሴት ስለሆንኩ መሰለኝ፣ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ድጋሚ ይጠይቃል። እሱንም እታገሠዋለሁ፤ ሲሸነፍ ተመልሶ ይመጣል።

እኔ መልሱን የተማርኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። እስክማረው ድረስ ግን በገዛ አባቴ ላይ መዓት ላመጣበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኔ ፑል ቤቱ የአክስቴ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እሱን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት በሳምንት ሁለቴ ታስታውሰዋለች። ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው፣ አራት ጠረጴዛ። መስኮቱ ጋ ያለው አንድ እግሩ አጠር ስለሚል ኳሱ ሁሉ ወደ መስኮቱ ይንከባለላል፤ «ቁልቁለት» ነበር የምንለው። የአክስቴ ሕጎች በሩ ላይ ተለጥፈዋል። እጅ ሳይታጠቡ የጠረጴዛውን ጨርቅ መንካት ክልክል ነው። ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። «አንድ ጨዋታ ብቻ ልጨምር» ማለት ፈጽሞ ክልክል ነው።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ እጄን ይዞ ይወስደኝና የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ላዩ ላይ ያቆመኛል። እጁ ሳሙናና ናፍጣ ይሸታል። ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ስቴካዬን፣ ያንን ከእኔ የሚረዝም የመምቻ ዱላ፣ ያስተካክልልኛል።

«ነጯ ልብ አላት፣ የኔ እናት» ይለኛል። «ልቧን ምቺያት። ልቧን ከመታሻት እንደ ጨዋ ልጅ የላክሻት ቦታ ትሄዳለች። ጎኗን ከመታሻት ግን ትሽከረከራለች። እሷም ከመንገዷ ትወጣለች፣ የምትነካትንም ኳስ ታስወጣለች።»

«ጸጉር ቆራጩ ግን ሁሌ ጎኗን ነው የሚመታት።»

«ለዚህ ነዋ ሁሌ የሚሸነፈው! የጎን ምት መድኃኒት ነው። ሳያመው መድኃኒት የሚውጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? መንገዱ ሁሉ ሲዘጋብሽ፣ ሌላ ብልሃት ሲጠፋ፣ ያኔ ከመቶ አንዴ።»

እውነቱን ልናገርና ልቤ ከጸጉር ቆራጩ ጋር ነበር። የፑል ቤቱ ጎረቤት ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ከኮቱ ኪስ ማበጠሪያ ብቅ ብሎ ይታያል። ሲመታ ነጯ ጠርዙን ነክታ፣ ዞር ብላ፣ ማንም ወዳልጠበቀው ጥግ ትሄዳለች። እኔ ትንፋሼ ቀጥ ይላል። ሲስት ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሆን ብዬ ነው፤ ለሚቀጥለው እያመቻቸሁ ነው» ይላል። አባቴ ግን ሁሌ ቀጥ፣ ሁሌ ቀጥ። የጎን ምት የማይመታው ስለማይችልበት ነው ብዬ በልቤ አፍርበት ነበር።

የአባቴ ልምምድ እንዲህ ነው። የአክስቴ ነጭ ኳስ ላይ ትንሽ ቀይ ሦስት ማዕዘን ታትማለች። ከመምታታችን በፊት ሹል ጫፏን ወደ ላይ አድርገን ሦስት ማዕዘኗን ወደ ራሳችን እናዞራታለን። የስቴካው ጫፍ ሰማያዊ ጠመኔ ስለሚቀባ፣ ስንመታ ኳሷ ላይ ነጥብ ይቀራል። ነጥቧ ሦስት ማዕዘኗ ውስጥ ካረፈች ልቧን መትተናል፤ ከወጣች ጎኗን። እሱ ሃያ፣ እኔ ሃያ። ሮጬ ኳሷን የማነሳው፣ ነጥቧን አይቼ የምናገረው፣ ደብተር ላይ የምጽፈው፣ ከዚያ በጨርቅ የምጠርጋት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሣ ሰዉ ሁሉ «ዳኛዋ» ይለኝ ነበር፤ ዳኛዋ ስባል አንገቴ ይረዝማል።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው እሑድ የአባቴን ኳስ አነሳሁና ክው አልኩ። ሰማያዊዋ ነጥብ ሦስት ማዕዘኗ ውስጥ የለችም። አንድ የምስር ፍሬ ያህል ወደ ቀኝ ወጥታ ተቀምጣለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋም። ከሃያው አሥራ ስምንቱ ጎን!

«ልቧ ላይ ናት?» አለኝ ከጠረጴዛው ማዶ።

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ አንድም ፈገግታ የለም። አሃ! አልኩ በሆዴ። አባቴ ለካ ጉደኛ ነው! የጎን ምት በድብቅ እየተለማመደ ነው። ጸጉር ቆራጩን በገዛ ብልሃቱ ሊጥለው ነው፤ እኔንም ምስጢር እችል እንደሆነ እየፈተነኝ ነው። አንድ ዓይኔን ጠቀስ አደረግሁለትና፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ልቧ ላይ ናት!» አልኩ።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሰይ» አለ። «እሰይ፣ የኔ እናት።»

ያችን ትንፋሽ ዛሬም አንዳንዴ እሰማታለሁ። ያኔ ያላወቅሁትን አሁን ልንገራችሁ፤ የአባቴ ቀኝ ዓይን እየጠፋ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ግራ ዓይኑን በእጁ ሸፈነና በቀኙ ያየው ጭጋግ ብቻ ሆነ። ለማንም አልተነፈሰም። ሾፌር ዓይኔን አመመኝ ካለ ከመሪ ይወርዳል፤ የመሥሪያ ቤቱ ምርመራ ደግሞ ገና ስድስት ወር ነበረው። ስለዚህ ራሱን በነጯ ኳስ መፈተን ጀመረ። ነጥቧ ልቧ ላይ ካረፈች ገና ደህና ነኝ፣ ከወጣች እናገራለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ምስክር ያደረገው እኔን ነው። ስድሳ ሰው ጭኖ በየቀኑ የሚነዳው በእኔ ጥቅሻ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የአውቶቡሱ የቀኝ መስታወት ሁለት ጊዜ ተሰበረ። «የዘንድሮ ሾፌር ሥርዓት የለው!» አለ አባቴ ምሳ ላይ፤ እኔም ያላየኋቸውን ሾፌሮች ሁሉ ረገምኩለት። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈስሳል። እናቴ «ሐሳብህ የት ነው አንተ?» ትለዋለች። እኔ የት እንደሆነ አውቃለሁና ዳቦዬን እያኘክሁ ፈገግ እላለሁ። ሐሳቡ ፑል ላይ ነዋ!

ሰባት እሑድ ዋሸሁት። ደብተሬ ላይ ግን እውነቱን ነበር የምጽፈው፤ ዳኛ ነኛ! አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ከሃያ፤ ሁሉም በቀኝ በኩል።

ከዚያ አክስቴ የዓመቱን ውድድር አወጀች። ለአሸናፊው ብላ አዲስ ስቴካ፣ እጀታው በጥቁር ክር የተጠቀለለ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ለመጨረሻው ጨዋታ የቀሩት አባቴና ጸጉር ቆራጩ ነበሩ። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ሣጥኔ ላይ ቆሜ፣ ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ አባቴ ምስጢሩን የሚያወጣበትን ሰዓት እጠብቃለሁ።

አላወጣውም። ሕፃን የማይስተውን ይስታል። ቀጥ ብላ ከቀዳዳው አፍ የተቀመጠችን ኳስ እንኳን አፋፉን ነክቶ ሳታት። ነጯ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። አባቴ ግንባሩን በክንዱ ይጠርጋል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል።

«ሾፌሬ፣ መስመር ለቀቅህ እንዴ?» አለ ጸጉር ቆራጩ። «ኧረ ተሳፋሪው እያጉረመረመ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ አንጀቴን በላው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ሆን ብሎ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አባቴ ጎኗን ነው የሚመታት! ሁሌም ጎኗን! አንተ አሥሩን ስትመታ እሱ ሃያውን ነው የሚመታው፤ ከፈለጋችሁ ደብተሬን እዩት! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። አባቴ ግን ስቴካውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አክስቴም አልሳቀችም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣችና ደብተሬን ከእጄ ወሰደች። ገጽ በገጽ፣ ጣቷን ምራቅ እያስነካች፣ ገለጠችው።

«ሁሌ በዚህ በኩል ነው? በቀኝ?»

«ሁሌ!» አልኩ በኩራት።

«ለእሱስ ነግረሽዋል?»

«ምን ቆርጦኝ! ምስጢር እኮ ነው።»

አክስቴ አንዲት ጠመኔ አነሣችና ከወንድሟ በስተቀኝ ሄዳ ቆመች። እጇን በጆሮው ትይዩ፣ ራቅ አድርጋ ዘረጋች። «እጄ ላይ ምን አለ?» አለችው።

አባቴ አንገቱን ሊያዞር ሲል «ሳትዞር!» ብላ አምባረቀችበት።

አባቴ ሳይዞር ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአባቴን ያወጣው ግን ጠመኔ ነው። አክስቴ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስቴካውን ከእጁ ላይ በቀስታ ወሰደችው።

«ጨዋታው አልቋል» አለች። «ነገ ጠዋት መሪ ከያዝክ እኅት የለህም።»

«ተይ እንጂ እትዬ፤ ሰው ፊት...»

«ስድሳ ሰው ስትጭንስ? እሱ ሰው አይደለም?»

እኔ ከሣጥኔ ላይ ሆኜ የገባኝ ይህ ነበር፤ አባቴ በማጭበርበር ተቀጣ፣ ያጋለጥኩትም እኔ ነኝ። አክስቴ ደግሞ ምን ያህል ክፉ ብትሆን ነው በፑል ጥፋት ከሥራ የምታግደው! ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እንደ ወትሮው እጄን ያዘኝ፤ ሳየው ግን እያለቀሰ ነው። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት የደንብ ልብሱን አልለበሰም። ቁርስ ላይ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንዱ ቢሄድም ሌላውን እናድናለን» ትለዋለች። እሱ «ከመሪ ወርጄ ምን ሆኜ ልኖር ነው?» ይላል። እሷ «አባት ሆነህ» ትላለች። ከዚያ እኔን አዩኝና ሁለቱም ስለ ጫማዬ ማውራት ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ቀኝ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ከሐኪም ቤት መጣ። እኔ ደግሞ ማን እንደመታው ወዲያው አወቅሁ! የትምህርት ቤት ደብተሬን እንኳን ሳላስቀምጥ ሮጬ የጸጉር ቆራጩን ሱቅ በር በርግጄ ገባሁ። ሰውዬው የአንድ ደንበኛን ግማሽ ራስ ላጭቶ ግማሹ ቀርቶታል።

«አባቴን ለምን መታኸው?» አልኩት። «በፑል ስላልቻልከው ነው አይደል?»

ደንበኛው ከነአረፋው ዞሮ አየው። ጸጉር ቆራጩ ምላጩን አስቀመጠ። አልሳቀብኝም፤ ለዚህ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ። ደንበኛውን «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንድ ደቂቃ» አለና፣ ልጆች የሚቀመጡባትን ጣውላ ሌላው ወንበር ላይ አጋድሞ አወጣኝ። ከዚያ ሎሚ ሎሚ በሚሸት መዳፉ ቀኝ ዓይኔን ሸፈነ።

«አንገትሽን ሳታዞሪ ንገሪኝ። በቀኝሽ በኩል ምን አለ?»

«እጅህ ነው ያለው።»

«ከእጄ ወዲያስ?»

«አይታየኝም።»

«እንዲህ ነው አባትሽ የሚያየው። ስንት ወር ሆኖታል። እንዲህ ሆኖ አውቶቡስ ሲነዳ ነበር።» እጁን አነሣ። «እኔ ሞኙ እስቅበታለሁ። ሰው ሁሉ ነበር የሚስቀው። ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ቀኝ ዓይኑን ለማዳን ዘግይቷል፤ ግን ሐኪሙ ሁለተኛውም መታመም ጀምሮ ነበር፣ ለእሱ በጊዜ ደረሳችሁ ብሏል። ዳኛዋ፣ ደብተርሽ ነው ያደረሰው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን «ልቧ ላይ ናት!» ብዬ የጮህኩበት ሰባት እሑድ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። አባቴ «እሰይ» ያለውም። ከጣውላዋ ዘልዬ ወረድኩና እስከ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ተደፋሁ። «ዋሽቼህ ነው አባዬ! ጎኗ ላይ ነበረች! ሁሉም ጎኗ ላይ ነበረች!»

እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጸጉሬን እየዳበሰ፣ «አውቅ ነበር» አለኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«ስትዋሺ ትጠቅሻለሽ እኮ፣ የኔ እናት። ደግሞስ ጠረጴዛውን ዞሬ መጥቼ ኳሷን ማየት አቅቶኝ ነው? ሁለት ሜትር አትሆንም። ፈርቼ ነው። አንቺ ስትዋሺ እኔ መዋሸትሽን እየወደድኩልሽ ነበር። አንቺ ሕፃን ነሽ፣ ለጨዋታ ነው የዋሸሽው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሰው ገጭቼ ቢሆንስ?» ትንሿን ጣቱን ሰጠኝ፤ እኔም በትንሿ ጣቴ ያዝኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። ቢከፋኝም። እኔም ዞሬ አያለሁ።»

መሪ ተመልሶ አልያዘም። መሥሪያ ቤቱ አውቶቡሶች በሚወጡበት በር ላይ፣ ስምሪት የሚሰጥበት መስኮት ጋ አስቀመጠው። መጀመሪያ ሰሞን ሞተር ሲነሣ እግሩ ብቻውን ፍሬን ይረግጥ ነበር። ቀኝ ዓይኑ በጭጋግ እንደተሸፈነ ቀረ። ግራው ግን በቀን ሦስት ጊዜ ጠብታ እየተጨመረበት፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ ይኸው እስከዛሬ ያያል። ጋዜጣ ያነብባል። የልጅ ልጁን ከሩቅ ለይቶ ይጠራል።

ፑሉንም እንደ አዲስ ጀመረው። ስቴካው በግራ ዓይኑ ሥር እንዲያልፍ አቋቋሙን ሁሉ መቀየር ነበረበት። እኔ ከኋላው ቆሜ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ እዚያ!» እላለሁ። ይመታል፤ ኳሷን አመጣለታለሁ፤ አብረን እናያለን። «ጎን» እላለሁ። «ጎን» ይላል። አንዳንድ እሑድ ሃያ ጊዜ «ጎን» እንባባላለን፤ አክስቴ «ኧረ ለኳሷ እዘኑላት!» ትላለች። በዓመቱ ግን ሃያ ከሃያ ልብ መታ። አክስቴ ዞር ብላ በመሐረቧ አፍንጫዋን ተናፈጠችና ያንን በጥቁር ክር የተጠቀለለ ስቴካ ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችው። ጸጉር ቆራጩ «እኔስ?» ቢላት «አንተ ማበጠሪያ አለህ» አለችው። አሁን ጭንቅላቱ ጸጉር የማይበቅልበት በረሃ ሆኗል፤ ማበጠሪያውን ግን አሁንም ከኪሱ አይለይም።

ባለፈው እሑድ አንድ አዲስ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ከመቶ አንዴ» አልኩት። ሳቀ። አባቴ ከጥግ ሰምቶ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ፣ ያንኑ ስቴካውን ይዞ። ልምምዱን እየጨረሰ ነበር። ቀይ ኳስ ከጥጉ ቀዳዳ አፍ፣ ጥቁሯ ደግሞ መሐል ገብታ መንገዱን እንደዘጋች አድርጎ ደረደረ። ነጯን አስቀመጠ፤ ሦስት ማዕዘኗን ወደ ራሱ፣ ሹሏን ወደ ላይ። ጎንበስ አለ። መታ።

ነጯ ሄዳ ጠርዙን ነካች፤ ከዚያ ቀጥታ መመለስ ሲገባት ወደ ቀኝ ፈንገጥ አለች፣ ጥቁሯን ከኋላዋ ዞረቻት፣ ቀይዋን ቀዳዳው ውስጥ ጨመረቻት። ልጁ አፉን ከፈተ።

«የት ናት?» አለኝ አባቴ።

ነጯን አነሣሁ። ሰማያዊዋ ነጥብ ከሦስት ማዕዘኗ ውጪ ናት፤ በስተቀኝ፣ አንድ የምስር ፍሬ ያህል። ያችው የጥንቷ ቦታ። ለአንድ አፍታ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ተመልሼ ቆምኩ። ቃል ግን ቃል ነው።

«ጎኗ ላይ ናት፣ አባዬ» አልኩት። «በቀኝ።»

ልጁ አዘነለት መሰለኝ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። አባቴ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። ኳሷን ከእጄ ወስዶ ወደ ግራ ዓይኑ አስጠጋትና ፈገግ አለ።

«እዚያው ነው ያነጣጠርኩት» አለ። «ስንተኛዬ ናት?»

ደብተሬን ገለጥኩ። ሃያ ሃያ እየመታ በአምስት እሑድ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ መትቷል፤ ዘጠና ዘጠኙም ልብ። ልጁ እንዲያየው ወደ እሱ አዞርኩለትና መቶኛውን ጻፍኩ።